የአሜሪካ የቤተሰብ ቪዛ ፕሮሰስ፦ ወረቀታችሁን ከመላካችሁ በፊት እዚሁ አስተካክሉት

እኛ ብሎክ ውስጥ የኤምባሲ ኢሜይል የደረሰው ሰው መጀመሪያ የሚያንኳኳው የኔን በር ነው። ጠበቃ ሆኜ እንዳይመስላችሁ፣ ወንድሜ እማዬን ወደ አሜሪካ ሲወስዳት ወረቀቱን ሁሉ እዚህ የካ አባዶ ቁጭ ብዬ የጨረስኩት እኔ ስለሆንኩ ነው፣ ከዛ የታናሽ እህቴን የባሏን ፕሮሰስ ያዝኩ፣ ከዛ የጎረቤት፣ ከዛ የጎረቤት ዘመድ ለገጣፎ ካለው ሁሉ። እኔ ራሴ ወንድሜ ያስገባልኝ የወንድምና እህት ማመልከቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ከ15 ዓመት በላይ ወረፋ ስላለው ተራዬ ሲደርስ በከዘራ ነው ምሄደው። እስከዛ ግን የሰው ወረቀት አያለሁ።

ካየሁት ሁሉ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው "አሜሪካኖቹ አዘገዩን" ይላል፣ ግን አስር ፋይል ገልብጬ ባየሁ ቁጥር ሰባት ስምንቱን ያዘገየው እዚሁ የወጣ ወረቀት ነው። የልደት ካርዱ አንድ ነገር ይላል፣ ፓስፖርቱ ሌላ፣ ፎርሙ ላይ የተሞላው ሶስተኛ። ስለዚህ ይሄ ጽሁፍ ስለ ፎርም ብቻ አይደለም፣ ከፎርሙ በፊት ስላለው ነገር ነው በብዛት የማወራው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። በጃንዋሪ 2026 የአሜሪካ ስቴት ዲፓርትመንት ለ75 አገር ዜጎች ኢሚግራንት ቪዛ መስጠት ለጊዜው አቁሜያለሁ ሲል ኢትዮጵያም ዝርዝሩ ውስጥ ነበረች። እንደዚህ አይነት ነገር ይመጣል ይሄዳል፣ ስለዚህ ብር ከመክፈላችሁ በፊት የዛን ሳምንት ሁኔታ ከኤምባሲው ድረገጽ አንብቡ፣ ከቲክቶክ አይደለም። ወረቀት ማስተካከል ግን መቼም ቢሆን ይጠቅማል፣ ምክንያቱም በሩ ሲከፈት ወረቀቱ ያለቀለት ነው ቀድሞ የሚገባው።

መጀመሪያ፦ ማን ነው የሚያስገባላችሁ?

ይሄን ሳያጣሩ የሚጀምሩ ሰዎች አሉ። አሜሪካ ያለው ሰው ሲትዝን ነው ወይስ ግሪን ካርድ ነው ያለው? "አሜሪካ ነው ያለው" ብቻ በቂ አይደለም።

ሲትዝን ከሆነ ለባል ወይ ለሚስት፣ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ያላገባ ልጅ፣ እና ለእናት ለአባት (እሱ ራሱ 21 ከሞላው) ሲያስገባ የኮታ ወረፋ የለም። ፕሮሰሱ ራሱ ግን ጊዜ ይወስዳል፣ ወረፋ የለም ማለት ነገ ማለት አይደለም። ከዛ ውጪ ሲትዝን ለትልልቅ ልጆቹ፣ ላገቡ ልጆቹ፣ ለእህት ለወንድሙ ማስገባት ይችላል፣ እነዚህ ግን ወረፋ አላቸው፣ ወረፋውን የሚያሳየው በየወሩ የሚወጣው ቪዛ ቡለቲን ነው። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው ደግሞ ለትዳር ጓደኛውና ላላገቡ ልጆቹ ብቻ ነው የሚችለው። ለእናቱ አይችልም፣ ለወንድሙ አይችልም።

እዚህ ጋ ሶስት ወጥመድ አለ፣ ሶስቱንም ሰፈራችን ውስጥ አይቻቸዋለሁ።

አንደኛው፣ ሲትዝን የሆነ ልጅ እናቱን ሲያስገባ ትንሹ ወንድሙ አብሮ አይሄድም። እናትየዋ "ልጄንማ ጥዬ አልሄድም፣ አብረን ነን" ትላለች፣ ፎርሙ ግን አያውቀውም። ለወላጅ የገባ ፔቲሽን (አሜሪካ ያለው ሰው ለዘመዱ የሚያስገባው ማመልከቻ) ለወላጅ ብቻ ነው። ሲትዝን የሆነ ባል ሚስቱን ሲያስገባም ልጆቿ (የሱ ሳይሆኑ የእንጀራ ልጆቹ ቢሆኑም) ለያንዳንዳቸው የራሳቸው አይ-130 (የፔቲሽኑ ፎርም) ያስፈልጋል፣ የእንጀራ ልጅ ከሆነ ደግሞ ጋብቻው የተፈጸመው ልጁ 18 ሳይሞላው መሆን አለበት።

ሁለተኛው፣ ባልየው ግሪን ካርድ እያለው አስገብቶ ሚስትና ልጆች በአንድ ፋይል ተካተው እየጠበቁ ሳለ ሲትዝን ይሆናል። ሁላችንም እልል እንላለን። ሚስትየዋ ወረፋው ይቀርላታል እውነት ነው፣ ልጆቹ ግን ከእናታቸው ፋይል ይወድቃሉ፣ ለየብቻ አዲስ ማስገባት አለበት። ይሄን ያወቁት ኢንተርቪው ሲደርስ የሆኑ ቤተሰብ አውቃለሁ፣ እናት ብቻዋን ተጠራች።

ሶስተኛው ይሄ የኛ ነው። አባቷ ግሪን ካርድ እያለው ያስገባላት ልጅ፣ እዚህ ስትጠብቅ ዕድሜዋ ሄደ ብለው አክስቶቿ ይድሯታል። ያገባች ቀን ፔቲሽኑ ሞተ፣ ምክንያቱም ግሪን ካርድ ያለው ሰው ላገባ ልጅ ማስገባት አይችልም። አባትየው ሲትዝን ከሆነ አይሞትም፣ ግን ወደ ረጅሙ ወረፋ ይዛወራል። "ያላገባ" ወረቀት ከወረዳ አውጥቶ ጋብቻውን መደበቅ የሚሉ መካሪዎች አሉ፣ አትስሟቸው። በውሸት ከተያዘች ዕድሜ ልክ የሚከለክል ነገር ነው፣ በኋላ ባሏም ሲትዝን ሆኖ ቢያስገባላት ያ ውሸት ይከተላታል።

ስምና ቀን (እዚህ ጋ ቡና አፍሉ፣ ረጅም ነው)

እማዬ በሰፈር፣ በዕድር፣ በቤተክርስቲያን ስሟ ፀሐይ ነው። የወንድሜ የልደት ካርድ ላይም የእናት ስም ፀሐይ ተብሎ ነው የተጻፈው፣ ያኔ ያስጻፈው አባዬ ነው። ፓስፖርት ስታወጣ ግን የድሮው መታወቂያዋ ላይ ፀሐይነሽ ስለሚል ፀሐይነሽ ሆነች። ለኛ አንድ ሰው ናት። ፋይሉን ለሚያየው ሰው ግን የልጁ እናት ፀሐይ ናት፣ ቪዛ የምትጠይቀው ሴትዮ ሌላ ናት። ተጨማሪ ማስረጃ አምጡ የሚል ደብዳቤ መጣ፣ ፍርድ ቤት ሄደን ምስክር አቅርበን ሁለቱም ስም የአንድ ሰው ነው የሚል ውሳኔ አወጣን፣ አስተረጎምን፣ ላክን። ስምንት ወር! አባዬ አንድ ቃል አሳጥሮ ስላስጻፈ።

ስለዚህ ምንም ከመሙላታችሁ በፊት አንድ ደብተር ያዙና ጠረጴዛ ላይ ያለውን ወረቀት ሁሉ ዘርግታችሁ ጻፉ፦ ፓስፖርት፣ የልደት ካርድ፣ የጋብቻ ሰርተፍኬት፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የክትባት ካርድ፣ ክርስትና ካርድ ካለ እሱም። በያንዳንዱ ላይ ሙሉ ስም በአማርኛ፣ ሙሉ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል በፊደል፣ የልደት ቀን በኛ፣ የልደት ቀን በፈረንጅ፣ የትውልድ ቦታ፣ የእናት ስም፣ የአባት ስም። በእንግሊዝኛው ላይ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው፣ ፀሐይ የሚለው አንዱ ጋ በቲ ይጀምራል ሌላው ጋ በኤስ፣ ሙሉጌታ አንዱ ጋ በአንድ ቲ ሌላው ጋ በሁለት ቲ። ዋናው ፓስፖርቱ ነው፣ ሌላው ወደሱ ነው የሚስተካከለው፣ ፓስፖርቱ ራሱ ስህተት ካልሆነ በቀር።

ሰርኔም የሚለው ቦታ ላይ ደግሞ ሰው ይደናገራል ምክንያቱም እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ፓስፖርታችሁ ሰርኔም ብሎ የትኛውን ስም እንዳስቀመጠ እዩና ሁሉም ፎርም ላይ እንደዛው አድርጉ፣ በራሳችሁ ሎጂክ አትሂዱ። ሴቶች ደግሞ ስላገባችሁ ስማችሁን አትቀይሩ፣ እኛ አገር ሚስት የባሏን ስም አትይዝም፣ ፎርሙ ላይ "ወይዘሮ እገሌ" ብሎ የባሏን አያት ስም የሞላላት ልጅ አጋጥማኛለች፣ ፓስፖርቷ ላይ የሌለ ስም ማለት ነው።

ቀን። ከኛ ወደ ፈረንጅ ስትቀይሩ ሰባት ወይ ስምንት ዓመት መደመር ሁሉም ያውቃል፣ ከመስከረም እስከ ታህሳስ የመጨረሻው ሳምንት ገደማ ሰባት፣ ከዛ በኋላ ስምንት። ችግሩ ቀኑ ላይ ነው። ጥር 5 በብዛት ጃንዋሪ 13 ነው፣ ግን ጳጉሜ 6 የሆነበትን ዓመት ተከትሎ በሚመጣው ዓመት ጃንዋሪ 14 ነው የሚሆነው። ለምሳሌ 1987 ጳጉሜ 6 ነበረች፣ ስለዚህ ጥር 5 ቀን 1988 የተወለደ ሰው ጃንዋሪ 14 ቀን 1996 ነው፣ ጥር 5 ቀን 1989 የተወለደው ግን ጃንዋሪ 13 ቀን 1997። የልደት ካርዱን የጻፈው ልጅ በአንድ መንገድ ቆጠረ፣ ፓስፖርት የሞላው በሌላ፣ በቃ የአንድ ቀን ልዩነት። አንድ ቀን ምን ችግር አለው ትላላችሁ፣ ልጁ 21 ሊሞላው ጫፍ ላይ ያለ ከሆነ አንድ ቀንም ችግር ነው። ከዛ የባሰው ደግሞ የኢትዮጵያውን ቀን ሳይቀይሩ እንዳለ እንግሊዝኛው ላይ መገልበጥ ነው፣ ሰውየው በአንድ ሌሊት ስምንት ዓመት ያረጃል።

ልዩነት ካገኛችሁ ከማስገባታችሁ በፊት አስተካክሉ። ወረዳ የሚስተካከል ከሆነ ወረዳ፣ ካልሆነ ፍርድ ቤት። ከገባ በኋላ ማስተካከልም ይቻላል፣ ግን ያኔ ለቪዛ ብላችሁ የቀየራችሁት ይመስላል።

የልደት ካርድና ጋብቻ እዚህ ዳር ዳር ለምንኖር

ወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው። ስለዚህ ከዛ በፊት የተወለድን አብዛኞቻችን የልደት ካርዳችን ከተወለድን ከሃያ ሰላሳ ዓመት በኋላ የወጣ ነው። ቆንስላው ይሄን ያውቃል፣ ስለዚህ ዘግይቶ የወጣ ካርድ ብቻውን ልብ አይሞላም፣ የድሮ ነገር ጨምሩበት። የክትባት ካርድ፣ የክርስትና ካርድ፣ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ፣ የትምህርት ቤት ትራንስክሪፕት የወላጅ ስም ያለበት፣ የልጅነት ፎቶ ከእናት ጋር። ሳጥን ስር ያለው የተበላሸ የሚመስለው ወረቀት ብዙ ጊዜ ከአዲሱ የሚያብረቀርቅ ካርድ ይበልጣል።

ካርዱን ለማውጣት ወረዳው መታወቂያ ይጠይቃል፣ መታወቂያ ደግሞ ኮንዶሚኒየም ደርሶን ከመሃል ከተማ የወጣን ሰዎች የድሮው ቀበሌ ነው ያለው። መሸኛ ያስፈልጋል። መሸኛ ሳያመጡ ሶስት ዓመት እዚህ የኖሩ ሰዎች አሉ፣ ችግሩን ያዩት የቪዛ ወረቀት ሲያስፈልጋቸው ነው። ስለዚህ ዛሬ ፕሮሰስ ባትጀምሩም መሸኛውን አምጡ፣ የአዲሱን ወረዳ መታወቂያ አውጡ፣ ፋይዳ ከሌላችሁ ተመዝገቡ። የድሮው ጽሕፈት ቤት ፋይላችሁን አጣን ሊላችሁ ይችላል፣ እኔን ብሎኛል፣ ሶስት ጊዜ ተመላልሼ አራተኛው ላይ ያው መዝገብ ቤት ውስጥ ተገኘ።

በሸገር ከተማ በኩል ላላችሁ፣ ለገጣፎ፣ ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ገላን፣ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የአስተዳደሩ አወቃቀር ስለተቀየረ የድሮ ወረቀታችሁ ላይ ያለው የትውልድ ቦታና አዲሱ ላይ የሚጻፈው ላይመሳሰል ይችላል። ሲያወጡላችሁ ቆማችሁ አንብቡት፣ ፓስፖርታችሁ ላይ ያለው የትውልድ ቦታ እንዲሆን ጠይቁ። በኦሮምኛም በአማርኛም የተጻፈ ደጋፊ ደብዳቤ ከሆነ ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉሙት፣ ተርጓሚው "ሁለቱንም ቋንቋ አውቃለሁ፣ ትርጉሙ ትክክል ነው" ብሎ ፈርሞ።

ጋብቻ ላይ ደግሞ፣ በተክሊልም ይሁን በኒካህ ወይ በባህል የተጋባችሁ ከሆነ ትዳራችሁ ትዳር ነው፣ ግን ተመዝግቦ ሰርተፍኬት መውጣት አለበት። ባል አሜሪካ ሆኖ እዚህ በውክልና መጋባት ይቻላል ወይ ብለው የሚጠይቁ ብዙ ናቸው። የኛ የቤተሰብ ህግ ጋብቻ በአካል ተገኝቶ ነው ይላል፣ ከባድ ምክንያት አለ ተብሎ ፍትህ ሚኒስቴር ካልፈቀደ በቀር። የአሜሪካም ህግ በውክልና ተጋብተው ከዛ በኋላ እንደ ባልና ሚስት አብረው ያልሆኑ ሰዎችን ጋብቻ አይቆጥርም። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ፈቃድ ወስዶ ይምጣ፣ ይሄ ላይ ቲኬት አይቆጠብም።

ሌላው ፍቺ ነው። "በሽማግሌ ተለያይተናል" የህግ ፍቺ አይደለም። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ከዚህ በፊት አግብታችሁ ከነበረ የፍርድ ቤት ውሳኔ ያስፈልጋል፣ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ከሆነም የሱ፣ ቀኑም ከአዲሱ ጋብቻ በፊት መሆን አለበት። ፍቺው ከሰርጉ በኋላ ከወጣ ሁለተኛው ጋብቻ ራሱ ጥያቄ ውስጥ ነው፣ እንደገና መጋባት ሊያስፈልግ ነው።

ፔቲሽኑ

አይ-130ን የሚያስገባው አሜሪካ ያለው ሰው ነው፣ እናንተ አይደላችሁም። ኦንላይን 625 ዶላር፣ በወረቀት 675 ዶላር ነው ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ። ለትዳር ጓደኛ ከሆነ አይ-130ኤ የሚባል ተጨማሪ ፎርም አለ።

የባልና ሚስት ከሆነ ትዳሩ እውነት መሆኑን ማሳየት አለባችሁ። ሰው የሰርግ አልበም 200 ፎቶ ይልካል፣ ሁሉም አንድ ቀን የተነሳ። ከዛ ይልቅ ከሽምግልናው ቀን ሁለት፣ ከሰርጉ ሶስት፣ ከመልስ አንድ፣ ከዛ ዓመት ቆይቶ ሲመጣ ከቤተሰብ ጋር የተነሳችሁት፣ ገና ላይ፣ ልጅ ክርስትና ላይ። ከኋላው ማን ማን እንደሆነና ቀኑ ይጻፍበት። የመጣበት የፓስፖርት ማህተምና የአየር ቲኬት፣ የላከው ብር ደረሰኝ፣ የቴሌግራምና የዋትስአፕ ወሬ ከየወሩ ትንሽ ትንሽ። ብሩን በሰው እጅ የሚልክ ከሆነ ማስረጃ የለውም፣ ፕሮሰስ ላይ እስካላችሁ ድረስ በህጋዊ መንገድ ይላክ።

ሲገባ የሚሰጣችሁ ደረሰኝ ላይ ያለው ቀን ፕራዮሪቲ ዴት ይባላል፣ ወረፋ ላላቸው ሰዎች ቦታቸው እሱ ነው፣ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ።

ኤንቪሲ

ፔቲሽኑ አፕሩቭ ሲሆን ፋይሉ ናሽናል ቪዛ ሴንተር (ኤንቪሲ) ይሄዳል። ኬዝ ነምበርና ኢንቮይስ ነምበር በኢሜይል ይመጣል፣ በዛ ነው ሲአክ የሚባለው ድረገጽ ላይ የምትገቡት። ታዲያ ኢሜይሉ የማነው? የአንዲት ጎረቤቴን ኢሜይል የከፈተላት የኢንተርኔት ቤት ልጅ ነበር፣ ፓስወርዱም ስልኩም የሱ። ልጁ ቤቱን ዘግቶ ሄደ። ኢንተርቪው ቀጠሮ እንደተያዘላት ያወቀችው ካለፈ በኋላ ነው። ኢሜይሉ በራሳችሁ ስልክ ይከፈት፣ ፓስወርዱ ወረቀት ላይ ተጽፎ ከፓስፖርቱ ጋር ይቀመጥ፣ ስፓም የሚለውንም ፎልደር በየሳምንቱ እዩ። አንድ ዓመት ሙሉ ዝም ካላችሁ ፋይሉ ሊዘጋ ይችላል።

ክፍያው 325 ዶላር ለያንዳንዱ ሰው የቪዛ ማመልከቻ፣ 120 ዶላር ደግሞ ለስፖንሰር ወረቀቱ። የሚከፈለው ከአሜሪካ ባንክ አካውንት ስለሆነ ከዛው ያለው ሰው ነው የሚከፍለው፣ እዚህ "እኔ ልክፈልልሽ" የሚል ደላላ ካለ ሽሹት።

ከዛ ዲኤስ-260 የሚባለው የቪዛ ማመልከቻ ፎርም። ረጅም ነው፣ በአንድ ቀን አትጨርሱት። ከ16 ዓመታችሁ ጀምሮ የኖራችሁበትን ሁሉ ይጠይቃል፣ የተከራያችሁበትን ሁሉ። እኛ የመንገድ ስም የለንም፣ ስለዚህ ወረዳ፣ ብሎክ፣ የቤት ቁጥር አንድ አይነት አድርጋችሁ ጻፉ። ልጆችን በሙሉ ጻፉ፣ የማይሄደውንም፣ ከጋብቻ ውጪ የተወለደውንም። ይሄ ቤት ውስጥ ጸብ የሚያስነሳ ጥያቄ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ዛሬ ያልተጻፈ ልጅ ነገ አባቱ ሊያስገባለት ሲፈልግ "ይሄ ልጅ ያኔ የት ነበር" ይባላል። አረብ አገር የነበራችሁ እህቶች ደግሞ እሱን አትደብቁ፣ ማድሪድ ሄዳችሁ የነበረ ያህል በግልጽ ጻፉት።

ወረቀቱን ስካን ስታደርጉ በስልክ ጣት እየታየ አይሁን፣ በከለር፣ ፊትና ጀርባ በአንድ ፋይል። ሁሉም ሲሟላ ዶክመንታሪሊ ኳሊፋይድ የሚል መልዕክት ይመጣል፣ ከዛ የኢንተርቪው ቀጠሮ መጠበቅ ነው።

ስፖንሰር

አይ-864 በሚባለው የስፖንሰር ፎርም ላይ ያስገባው ሰው ገቢው ከድህነት መስመሩ 125 ፐርሰንት መድረስ አለበት። በ2025ቱ ሰንጠረዥ ለሁለት ሰው 26,437 ዶላር ነበር፣ ለአራት ሰው 40,187። ሲቆጠር እሱ፣ እናንተ፣ እሱ የሚያስተዳድራቸው ልጆች፣ ከዚህ በፊት ስፖንሰር ያደረጋቸውም ሊቆጠሩ ይችላሉ።

ኡበርና ታክሲ የሚነዱ ወንድሞቻችን ጋ ነው ችግሩ። በዓመት 60 ሺ ገባልኝ ይላል፣ ግን ታክስ ሲያሰራ ቤንዚን፣ ጥገና፣ ማይል እያለ አስቀንሶ የቀረው 19 ሺ ነው። የሚታየው የቀረው ነው። ታክስ መቀነስ የፈለገበት ዓመት ሚስቱን ማምጣት የፈለገበት ዓመት ከሆነ አይጣጣምም፣ አስቀድሞ ያስብበት። ካልሞላ ጆይንት ስፖንሰር ይቻላል፣ 18 የሞላው፣ አሜሪካ የሚኖር፣ ሲትዝን ወይ ግሪን ካርድ ያለው ማንኛውም ሰው፣ ዘመድ መሆን የለበትም። ፊርማው ግን የዕቁብ ዋስ አይነት ቀልድ አይደለም፣ ህጋዊ ግዴታ ነው፣ ስትለምኑት ይሄን ንገሩት።

ፖሊስ ክሊራንስና ሜዲካል

16 ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ የፖሊስ ማስረጃ ያስፈልገዋል፣ የኛው ከፌዴራል ፖሊስ አሻራ ተሰጥቶ ነው የሚወጣው። ከ16 ዓመት በኋላ ሌላ አገር 12 ወርና ከዛ በላይ የኖረ ደግሞ የዛንም አገር ያመጣል። ቤሩት፣ ዱባይ፣ ኩዌት የሰራችሁ ይሄን ቀድማችሁ ጀምሩት፣ ከዚህ ሆኖ ማስወጣት ወራት የሚፈጅበት አለ። የትኛው አገር እንዴት እንደሚሰጥ የስቴት ዲፓርትመንት ድረገጽ ላይ በየአገሩ ተጽፏል።

ሜዲካል ኤምባሲው ከመረጠው ሐኪም ጋ ብቻ ነው፣ ቀጠሮ ሲመጣ የሚደርሳችሁ ደብዳቤ ይነግራችኋል፣ ሰፈር ክሊኒክ ያሰራችሁት አይሰራም። ደም፣ ራጅ፣ ክትባት። የክትባት ካርድ ካላችሁ ውሰዱ፣ የተወጋችሁትን ድጋሚ እንዳትወጉ። ሳንባ ላይ ነገር ከተገኘ የአክታ ምርመራ ሳምንታት ይወስዳል፣ ቲቢ ከሆነ ህክምናው ያልቃል ከዛ ነው የሚቀጥለው። ክልከላ አይደለም፣ መዘግየት ነው፣ አታልቅሱ።

ዲኤንኤ ካልተጠየቃችሁ በራሳችሁ አታሰሩ። ከተጠየቃችሁ ኤምባሲው በሚያዘው መንገድ፣ አሜሪካ ያለው ሰው እነሱ የሚቀበሉት ላብራቶሪ ጋ ከፍሎ ነው፣ ከሌላ ቦታ ያሰራችሁት ውጤት አይቆጠርም።

የኢንተርቪው ቀን

ቀጠሮው 7:30 ካለ በፈረንጅ ነው፣ በኛ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል። ይሄን የምለው ከሰዓት ሰባት ሰዓት ተኩል ደርሶ የተመለሰ ሰው ስለማውቅ ነው።

ኤምባሲው ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወስደው የእንጦጦ መንገድ ላይ ነው። ከአባዶ በታክሲ መገናኛ፣ ከመገናኛ ደግሞ ሌላ፣ ጠዋት ኮተቤ ላይ መንገዱ ተዘጋ ማለት አለቀላችሁ ማለት ነው። እኛ እማዬን ይዘን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል በራይድ ወጣን፣ ከቻላችሁ ደግሞ ማታውኑ መሃል ከተማ ዘመድ ጋ እደሩ። ስልክ አይገባም፣ አብሮ ለሚሄደው ሰው ስጡት።

ዋናውን ወረቀት ሁሉ ያዙ፣ ኮፒውንም፣ በጠየቁት ቅደም ተከተል። ፎቶ 5 በ5 ሳንቲሜትር፣ ነጭ ጀርባ፣ ያለ መነጽር። በአማርኛ መናገር ይቻላል፣ በማትችሉት እንግሊዝኛ አትሰቃዩ። ጥያቄው ቀላል ነው፦ የት ተዋወቃችሁ፣ ሰርጉ ላይ ማን ነበር፣ ምን ይሰራል፣ ከማን ጋር ይኖራል። ያላወቃችሁትን "አላውቅም" በሉ። ሰው የሚያጠፋው አጥንቶ ሲሄድ ነው፣ ባልየው ሥራ ቀይሮ ሳለ "ዌርሃውስ ነው" ብላ በቃሏ የያዘችውን የነገረች ልጅ አለች፣ እሱ ፎርም ላይ ደግሞ ሹፌር ብሎ ነበር። ከመሄዳችሁ ሁለት ቀን በፊት ደውላችሁ የገባውን ፎርም አብራችሁ አንብቡት፣ በቃ ይሄው ነው ጥናቱ።

221ጂ የሚል ወረቀት ከሰጧችሁ ተከለከላችሁ ብላችሁ ቤት እንዳታለቅሱ፣ ብዙ ጊዜ የጎደለ ነገር አምጡ ነው። ምን እንደሆነ ወረቀቱ ላይ አለ። አንድ ዓመት አላችሁ፣ ግን ዓመት ጠብቁ ማለት አይደለም።

ከቪዛው በኋላ

ቪዛው ብዙ ጊዜ ከሜዲካሉ ቀን ጀምሮ ስድስት ወር ገደማ ነው፣ ስለዚህ "ፋሲካን በልቼ" እያላችሁ አታሳልፉት። ከመብረራችሁ በፊት 235 ዶላር የኢሚግራንት ክፍያ ኦንላይን ይከፈላል፣ ግሪን ካርዱ በፖስታ የሚመጣው ከሱ በኋላ ነው፣ አድራሻው ላይ የአፓርትመንት ቁጥር እንዳይረሳ። ስትገቡ ጋብቻችሁ ሁለት ዓመት ካልሞላው ካርዱ የሁለት ዓመት ብቻ ነው፣ ከማለቁ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ አይ-751 የሚባለውን ካርዱን ቋሚ የሚያደርግ ፎርም ሁለታችሁ አብራችሁ ታስገባላችሁ፣ ቀኑን ከአሁኑ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ።

የታሸገ ፖስታ ከሰጧችሁ አትክፈቱት። የራጁንም ሲዲ ከሰጧችሁ ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር ሻንጣ ውስጥ አትክተቱት፣ በእጅ ይያዝ፣ እማዬ ሻንጣው ውስጥ ከትታው ዋሽንግተን ኤርፖርት ሻንጣ ስትጠብቅ ወንድሜ ውጪ ሶስት ሰዓት ቆሟል።